ያልተነበበው ቅጠል

ጥቅምት 23፣ ሐሙስ። ከሰዓት በኋላ

ዛሬም ልጋግ። ከጠዋት ጀምሮ ስፈጨው የዋልኩት ቅጠል ቱቦው ሥር ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። በፒፔት፣ በቀጭኗ መምጠጫ፣ ሳነሣው እንደ ተልባ ይሳባል። ብርቱካን አየችው፤ ከንፈሯን መጠጠች፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የላቦራቶሪያችን ቴክኒሻን ናት። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ በትዕግሥት ትበልጠኛለች።

ማስታወሻዬ፣ አንድ ጊዜ ላስረዳሽና ይውጣልኝ። የቡና ቅጠል ተንኮለኛ ነው። ዲ.ኤን.ኤውን ሲሰጥሽ ሙጫውንም፣ ያንን ቶሎ የሚጠቁር ነገሩንም አብሮ ይሰጥሻል። ማሽኗ ደግሞ ቅምጥል ናት። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፤ በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ትያያዛለች። ሆዷ ውስጥ ቺፕ ይገባል። ቺፑ ላይ በዐይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ዲ.ኤን.ኤው እንደ ክር በነሱ ሲያልፍ ፊደል በፊደል ይነበባል። ክሩ ንጹሕና ረጅም ከሆነ ቀዳዳዎቹ ሲያነቡ ይውላሉ፣ ሲያነቡ ያድራሉ። ቆሻሻ ካለው ይደፈናሉ፤ ያኔ አለቀ። ብዙ ምርት፣ ማለትም ብዙ የተነበበ ፊደል፣ ጥሩ ጥራት። ውጭ አገር ለሥልጠና ስሄድ ጆሮዬ እስኪደነቁር የሰማሁት ይህንኑ ነው።

የቀሩን ሁለት ቺፖች ናቸው። በበረዶ ሳጥን ከባሕር ማዶ የመጡ። ሌላ አይመጣም፤ የምርምር ማዕከሉ ኃላፊ ዶ/ር ታምራት ቁርጡን ነግረውናል።

ጥፋቱ የቅጠሉ ነው። ያረጀ ነው፤ ከከተማው ዳር የለቀምነው። ለጋ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ገጠር፣ ቡና ገበሬዋ እትዬ አስካለ ዘንድ እንሄዳለን።

ጥፋቱ የቅጠሉ ነው አልኩ። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ላይ ነው የማላክከው።

ጥቅምት 25፣ ቅዳሜ። ምሽት

ጫማዬ ጭቃ ብቻ። በሺሺንዳ መንገድ ሄደን፣ ከዋናው መንገድ ወርደን፣ ከዚያ በእግር። እትዬ አስካለ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ጫካው ጥግ ላይ ጥቂት የቡና ዛፎች አሏቸው። በሽታ ገብቶ የጎረቤቱ ሁሉ ቡና ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ሲጠቁር፣ የሳቸው አንድ አሮጌ ዛፍ ምንም ሳይሆን ቀረ። የግብርና ባለሙያው አይቶ ለማዕከሉ ነገረ። እኛን እዚያ የወሰደን ይኸው ነው።

ልጃቸው ተመስገን ግን ሌላ ሐሳብ አለው። አሮጌዎቹን ሁሉ ቆርጦ ምርጥ ዘር ሊተክል ጉድጓድ ምሷል። ክፉ ሰው አይደለም። ልጆች አሉት፤ ቶሎ የሚያፈራ ይፈልጋል። እናትየው፣ ማሽኗ ትናገርና ከዚያ ትቆርጣለህ ብለው አስቁመውታል። ዶ/ር ታምራትም ቃል ገብተውላቸዋል፦ ዛፉ ከሌላው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ማዕከሉ ምልክት ያደርግበታል፤ ዘር ይወሰድለታል፤ ማንም አይነካውም።

እንግዲህ የኛ ንባብ መጥረቢያ አስቁሟል ማለት ነው። ይህን ሳስብ እፈራለሁ፣ ትንሽም እኮራለሁ።

ቅጠሉን ራሳቸው ሄደው አመጡልን። ድጡ ይጥላችኋል፣ እናንተ ቁጭ በሉ ብለው። ለጋ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል። በረዶ ሳጥን ውስጥ ከተትነው። ቆጮ በአይብ አቀረቡልን።

በካፊኖኖ ሲያወሩኝ በአማርኛ እመልሳለሁ። አባባ ከሰሜን የመጣ መምህር ነው። እኔ ግን ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ ያደግሁ፤ ምን ማመካኛ አለኝ? ጆሮዬ ይሰማል፣ ምላሴ ያፍራል።

ጥቅምት 27፣ ሰኞ። ማምሻ

ጠራ! ቱቦው ውስጥ ነጭ ክር፣ እንደ ሸረሪት ድር። ብርቱካንን በጩኸት ጠራኋት።

ከዚያ ለካነው። የንጽሕናው ቁጥር ዝቅ ያለ ነው። ዐይን የማያየው ሙጫ ቀርቶበታል። ብርቱካን፣ እንደገና እንጠበው፣ ይረፍ፣ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ እናስገባው አለች። ትክክል ናት። ልስማማ አፌን ስከፍት ዶ/ር ታምራት ገቡ። ሐሙስ እንግዶች አሉ። ከዞን፣ ከክልል፣ ሬዲዮም አለ። ማሽኗ ስታነብ በዐይናቸው ማየት ይፈልጋሉ፤ ፕሮጀክቱ መቀጠሉ በዚህ ነው። እትዬ አስካለም ይጋበዛሉ። ይደርሳል ወይ አሉኝ።

ይደርሳል አልኩ።

ሲወጡ ብርቱካን፣ አልጠራም እኮ አለችኝ። ያልፋል አልኳት። በምን እውቀት? በእልህ ነው። ሥልጠና የሄድኩት እኔ ነኝና ከሷ በላይ የማውቅ እንዲመስል።

ጥቅምት 30፣ ሐሙስ። ጠዋት

አስገባሁት። ቸኮልኩና ትንሽ የአየር አረፋ አብሮ ገባ። ብርቱካን አላየችም፤ አዳራሽ ወንበር እየደረደረች ነው። መጠኑንም ከሚገባው በላይ አደረግሁት፤ ብዙ ሲገባ ብዙ ይወጣል ብዬ። ጀማሪ የሚያስበውን።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ። አረንጓዴ ማለት ቀዳዳው እያነበበ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። አረንጓዴ በአረንጓዴ።

አሁን ጥግ ላይ ግራጫ አየሁ፤ የተደፈነ ቀዳዳ ነው። ትንሽ ነው። ይቆማል ይሆናል

ያው ቀን። ማምሻ

አልቆመም። ግራጫው እንደ ዋግ ተስፋፋ። እንግዶቹ ሳይመጡ በፊት ቺፑ ሞተ። የተነበበው እፍኝ የማይሞላ፣ እሱም ጥራቱ የወረደ።

ማስታወሻዬ፣ ቀጥሎ ያደረግሁትን ላንቺ እንኳ መጻፍ ከብዶኛል።

ላፕቶፑ ውስጥ ከሥልጠናው ያመጣሁት ፋይል አለ። ለልምምድ ከፋብሪካ የሚሰጥ የቫይረስ ዲ.ኤን.ኤ ሲነበብ የተቀዳ ነው፤ ንጹሕ፣ ቀላል፣ ማንም ቢያስገባው የሚያምር። ፕሮግራሙ እንደገና ሲያጫውተው ልክ አሁን የሚነበብ ይመስላል። ከፈትኩት። ለማስረዳት ነው አልኩ ለራሴ። የተቀዳ መሆኑን እነግራቸዋለሁ አልኩ። በእውነት ልነግራቸው ነበር።

ገቡ። ዶ/ር ታምራት ንግግር አደረጉ፤ ይህ የምታዩት የእትዬ አስካለ ዛፍ ነው አሉ። ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞረ። አረንጓዴው እንደ ክረምት መስክ። ከዞን የመጡት እንግዳ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣

«ይሄ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ የኛ የካፋ ቡና ነው?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

አፌ አልዋሸም፤ አንገቴ ዋሸ። ከዚያ ጭብጨባ።

እትዬ አስካለ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀምጠው ነበር። ተነሡ። ስክሪኑን ሳይነኩ እጃቸውን አቀረቡና፣ ሲነበብ ያመው እንደሆን ጠየቁኝ። አያመውም አልኳቸው። እልል አሉ። ሰው ሁሉ ተከተላቸው። የሬዲዮው ጋዜጠኛ ድምፅ መቅጃውን ወደ እልልታው አዞረ።

ብርቱካን በር ላይ ቆማ ስክሪኑን ታይ ነበር። ስታየኝ ዐይኔን ሰበርኩ።

ኅዳር 1፣ ዓርብ

ሬዲዮው ጠዋት አሰማው። አባባ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በሩን ከፍቶ። ለጎረቤት ይሰማ ብሎ ነው። ስሜ ሲጠራ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ ጣቴን ነከስኩ።

ከዚያ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ገበያ ወጣ። የሚገዛው ነገር የለም። እንኳን ደስ አለህ ሊባል ነው የሄደው። ዕድሜ ልኩን የሰው ልጅ ሲያስተምር ኖሮ የራሱ ልጅ ስሟ በሬዲዮ ተጠራ። ሲመለስ ቡናማ ከረጢት ውስጥ መንደሪን ይዞልኝ መጣ፤ ልጅ እያለሁ ፈተና ሳልፍ እንደሚያደርገው። ልጦ ሰጠኝ። በላሁ። ምን ላድርግ፣ በላሁት።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ። ከሥራ በኋላ

ዶ/ር ታምራት ሪፖርት ይጠብቃሉ። ምርቱ ስንት፣ ጥራቱ ስንት። ትንተናው ይቀረኛል አልኳቸው፤ ኢንተርኔትም የለም። እውነት ነው፣ ኢንተርኔት የለም። እውነቱን ሁሉ ለውሸቴ ማገዶ አድርጌዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ደግ ሆኑብኝ። ደክመሻል፣ ጊዜሽን ውሰጂ አሉ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ብርቱካን ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥባለች። ቀኑን ሙሉ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ። የሐሙሱን ቺፕ ልጠበው፣ ምናልባት ይተርፍ እንደሆነ? ተይው አልኳት። ተወችው።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ተመስገን መጣ። ከገጠር በእግርና በሚኒባስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ማዕከሉ ድረስ። ዘበኛው ሲጠራኝ ነገሩ ታውቆ ሊጣላኝ የመጣ መሰለኝ።

ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የመጣው። በናንተ ሥራ ስቄ ነበር አለ። ቅጠል ምን ይናገራል ብዬ እናቴን አሳዝኜያለሁ። አሁን መንደሩ ሁሉ በሬዲዮ ሰማ። ማሽን ካነበበው እንግዲህ አልነካውም፤ ጉድጓዱንም ወደ ሌላ ቦታ አዞራለሁ። የውጤቱ ወረቀት ሲወጣ ግን ለኔም ስጡኝ፤ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው።

ከዚያ ከፌስታል ውስጥ ማር አወጣ። የጫካ ማር፣ ከነሰፈፉ። እንቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁ። ብመልሰው ናቅሽኝ ሊል ነው። ተቀበልኩ።

ማሩ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጉንዳን ጀምሮታል። አላባርረውም።

ኅዳር 10፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ተመለስኩ። አባባ ራሴን ያመመኝ መሰለው።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ለብርቱካን ነገርኳት። ቁጭ አላልኩም፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። የታየው የልምምዱ ቫይረስ ነው አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ጓንቷን ሳታወልቅ። «የኛ ቡና እንደዚያ አምሮ አያውቅም።»

ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ መጀመሪያ እስክትናገሪ ነው አለች። ብጠይቅሽ ሌላ ውሸት ትጨምሪ ነበር፤ ያን ማየት አልፈለግሁም። ሐሙስ ማታ ቤቷ ገብታ እንዳለቀሰች ነገረችኝ። አልቅሳ ያደረችው ስለ ቺፑ ነው ብላ ሳቀች። ሳቋ ቶሎ ጠፋ።

አንድ ቺፕ አለን። ቅጠሉ አልቋል። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ሥራ የለም። ከነገ ወዲያ እትዬ አስካለ ዘንድ እሄዳለሁ። ለቅጠሉም፣ ለመናገርም። ብቻዬን።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ። ምሽት

ትናንት ከተማው ቆሻሻ አቃጥሎ ኅዳርን ሲያጥን ዋለ፤ ልብሴ ዛሬም ጭስ ጭስ ይላል። እትዬ አስካለ አቅፈው ሲስሙኝ አነጠሱ።

ቡና ለቀማ ላይ ነበሩ። ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ተመስገን ገበያ ሄዷል። በመንገድ ሳሰናዳው የመጣሁት ንግግር ጠፋኝ። በተሰባበረ ካፊኖኖ ጀመርኩ፣ በአማርኛ ጨረስኩ። የርስዎ ዛፍ አልተነበበም አልኩ። ያን ቀን ያዩት ሌላ ነገር ነው። የርስዎ ማሽኗ ውስጥ ተበላሽቶ ነበር። በኔ ችኮላ።

ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ፣

«ምንም አላነበበችም?» አሉ።

«ምንም።»

«የቅጠሉን ነገር አልተናገረችም?»

«አልተናገረችም፣ እትዬ።»

ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ያለቀሱ መስሎኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ ተነሣሁ። ሲገልጡት እፎይታ ነው።

«የዛ ዛፍ አይደለም ቅጠሉ» አሉኝ። «ከደጄ ነው የቆረጥኩት። ከዚህ ከጎኔ።»

አልገባኝም። ደገሙልኝ። ለመንግሥት ቅጠል መስጠት ፈሩ። ቅጠል የጠየቀ ነገ መሬት ይጠይቃል። ከታች በኩል የጎረቤት ጫካ ለባለሀብት ሲሰጥ መጀመሪያ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው በትሕትና፣ እናቴ እናቴ እያሉ ነበር የሚያናግሩት፤ ልክ እንደኛ። ስለዚህ እውነተኛውን ደብቀው የማይረባውን ሰጡን። ማሽኗ የተመስገንን መጥረቢያ እንድታዘገይላቸው ብቻ ነበር የፈለጉት።

«አዳራሽ ስትጠሩኝ ማሽኗ ትነግርብኛለች አልኩ። ይቺ ሴትዮ ውሸታም ናት፣ የሌላ ዛፍ ነው ትላለች ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። ዝም ስትል ጊዜ እልል አልኩ።»

እልልታው ይህ ነበር። ሬዲዮ ላይ የወጣው፣ አባባ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያሰማው። ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ እኩል እንባዬ። እሳቸውም ሳቁ፤ ጥርሳቸውን በእጃቸው ሸፍነው። ሁለት ውሸታሞች ደጃፍ ላይ።

ከዚያ ይዘውኝ ሄዱ። ዛፉ ከቤቱ ጀርባ፣ ወርዶ፣ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ግንዱ ጎባጣ፣ ሽበት ያለው። ፍሬው እንደ ዶቃ ቀይ፣ አንድም የጠቆረ የለበት። ቅርንጫፉን ዝቅ አድርገው ያዙልኝ። ለጋዎቹን ቅርንጫፉ ላይ እንዳሉ በጥቁር ጨርቅ ጠቀለልን፤ ብርሃን ሳያይ ሲሰነብት ሙጫውና ስኳሩ ይቀንስለታል። ቅዳሜ መጥቼ እቆርጠዋለሁ።

ስሰናበት እጄን ያዙ።

«ተመስገን እንዳይሰማ። አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም። አሁን እውነተኛውን ታነቢያለሽ፤ ማን ያውቃል?»

እሺ አልኳቸው።

ማስታወሻዬ፣ መንገዱን ሙሉ ሳሰላ መጣሁ። ልክ ናቸው። በሁለተኛው ቺፕ እውነተኛው ዛፍ ይነበባል፤ ሪፖርቱ ላይ እሱ ይገባል፤ ዶ/ር ታምራት ደስ ይላቸዋል፤ ተመስገን ወረቀቱን ይሰቅላል። ብርቱካንም ነገሩን ትተወዋለች። ውሸቱ እውነት ሆኖ ይታደሳል። እንዴት ምቹ ነው። እንዴት ምቾቱ ያስፈራል።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

ቅጠሉ መጣ። ቶሎ የሚባል ነገር የለም። ብርቱካን በሩ ላይ ወረቀት ለጥፋለች፦ «አትግቡ፣ አትጠይቁ።»

በቀዝቃዛ ፈጨን። አጠብን፣ ውኃው እስኪጠራ። ደግመን አጠብን። ቱቦውን አንነቀንቅም፤ ክሩ ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ክር ደግሞ አጭር ንባብ ነው። የፒፔቱን ጫፍ በመቀስ ቆርጣ ሰፊ አፍ አደረገችለት፤ ረጅሙ ክር ሳይጨነቅ እንዲያልፍ። ሌሊቱን ይረፍ ብለን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥነው። ባለፈው ማረፍ ነበር የነሣሁት።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ። ከቀትር በኋላ

የንጽሕናው ቁጥር እንደ መጽሐፉ። ብርቱካን ካልኩሌተሩን ሦስቴ መታች፣ አንድም ቀን እንደዚህ አላየንም።

መጠኑን ቀነስኩ። መብራት ሄዶ እንዳይጫወትብን ጄኔሬተሩን ቀድመን አስነሣን። ፒፔቱን ለብርቱካን ሰጠኋት። የኔ እጅ አረፋ ያስገባል አልኳት። ያኔ ነው ስለ አረፋው የሰማችው። ጠብ፣ ጠብ። ትንፋሽ ይዘን።

አረንጓዴ።

አሁንም አረንጓዴ። ምሳ ሳንበላ ዋልን። ምርቱ እየወጣ ነው፣ ጥራቱ አልወረደም፣ ክሮቹ ረጃጅም። ይህ ቫይረስ አይደለም፤ ከእትዬ አስካለ ቤት ጀርባ ያለው ጎባጣ ዛፍ ነው፣ ራሱ። ብርቱካን አቀፈችኝ። ዶ/ር ታምራት ገብተው አዩ። ደስታቸው ልክ የለውም። ከመጀመሪያውም ይበልጣል አሉ።

«ከመጀመሪያውም» ሲሉ ብርቱካን ክንዷን ከትከሻዬ አነሣች።

በሕይወቴ የሠራሁት ምርጥ ሥራ ይህ ነው። አንገቴን ቀና አድርጌ ላየው አልቻልኩም።

ኅዳር 22፣ ዓርብ። ቀትር ላይ

ተመስገን ደወለ። እናቱ ነግረውታል።

ዝም እንበል ያሉት እሳቸው! ትናንት ማታ ልጃቸውን አስቀምጠው፣ ቅጠሉ የሌላ ዛፍ ነበር፣ አታለልኳቸው ብለው ሁሉን ተናገሩ። ስለ እኔ ግን ትንፍሽ አላሉም። ልጅቷን ራሷን ጠይቃት ብቻ ነው ያሉት። ስለዚህ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። አዳራሽ የታየው የእናትህ ዛፍ አልነበረም፣ የኛ ማሽን ያን ቀን ምንም አላነበበችም አልኩት።

«እናቴ ፊቴ ቆማ ስትናገር እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለኝ። «አንቺ በስልክ?»

ጆሮዬ ነደደ።

ዛፉን ግን አልቆርጠውም አለ። ማሽን አነበበ አላነበበ። እናቴ እንደዚያ ስትፈራለት ካየሁ በኋላ እጄ አይሄድም። ወረቀቱንም ተዪው አለ። ዘጋው።

ኅዳር 23፣ ቅዳሜ

ዶ/ር ታምራት ቢሮ ቆሜ ተናገርኩ። ተቀመጪ ሲሉኝ አልተቀመጥኩም። የእትዬ አስካለን አልነካሁም፤ የሳቸው የሳቸው ነው። የመጀመሪያው ንባብ ከሪፖርቱ ይወጣል፣ ያ ይበቃል። የኔን ብቻ፦ ቺፑ እንደሞተ፣ ፋይሉን እንደከፈትኩ፣ ራሴን እንደነቀነቅሁ።

መነጽራቸውን አወለቁ። ለረጅም ጊዜ በመሐረብ ጠረጉት። ሐሙስ ይደርሳል ወይ ብዬ የጎተጎትኩሽ እኔ ነኝ አሉ። አይደለም፣ ይደርሳል ያልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ከዚያ ተቆጡ፣ በመጨረሻ። በኔ አፍ ነው ለእንግዳ ውሸት የነገርሽው አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ።

ስወጣ ጠሩኝ። እንግዶቹ ማክሰኞ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ሬዲዮውም። ጥሩው ንባብ ይታያል። ልንገራቸው ካልሽ አልከለክልሽም፤ ዝም ልበል ካልሽም አላስገድድሽም። ምናልባት ፕሮጀክቱን ያስከፍለናል አሉ። እወቂው።

ኅዳር 24፣ እሑድ። ከሰዓት በኋላ

ወስኛለሁ። ማክሰኞ ጥሩውን ከማሳየቴ በፊት እናገራለሁ። እዚያው አዳራሽ፣ ለዚያው እንግዳ፣ ድምፅ መቅጃው እየሰማ። ብርቱካን አጠገብሽ እቆማለሁ ብላለች። አትቁሚ አልኳት። እቆማለሁ አለች።

የሚከብደኝ አዳራሹ አይደለም። ረቡዕ ጠዋት ነው። አባባ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ለጎረቤት እያሰማ። ገበያ ላይ እንኳን ደስ አለህ ያሉት ሰዎች ሁሉ ይሰማሉ። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ሲኮርጅ የያዘውን ተማሪ እያስነሣ፣ ልጄ ሥራህን አንተ ሥራው ሲል የኖረ ሰው ነው። ምን ይላል? ምን እንደሚል አላውቅም። ምንም ላይል ይችላል፤ እሱ ነው የባሰው።

በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ከጎረቤቱ ጋር ስለ እኔ እያወራ ነው፤ ድምፁ እዚህ ድረስ ይመጣል። ስለ ማሽኗ ያስረዳዋል፣ ቀዳዳዎቹን፣ ክሩን፤ እኔ እንዳስረዳሁት አድርጎ፣ ሳይሳሳት። ማክሰኞ እኔም ልምጣ ብሏል። አዲስ ኮት ልታሰፋ ነው ወይ ብሎ ጎረቤቱ ሲቀልድበት ሰማሁ።

ከሬዲዮ አይሰማውም። ከአዳራሹ ወንበር ላይም አይሰማውም፤ ከኔ አፍ ነው። ጎረቤቱ አሁን ተነሣ፣ እየተሰናበተ ነው። የበሩ ድምፅ። አባባ ስሜን ጠራ፤ ነይ እስቲ ውጪ፣ ፀሐይ አለ ይላል።

መጣሁ አልኩት። እየተነሣሁ ነው